ከኋላ መኪና አለ?

«ከኋላ መኪና አለ?» አለችኝ እናቴ።

ዞር ብዬ አየሁና «አለ» አልኳት።

ብስክሌቱን ወደ መንገዱ ጥግ አስጠግታ አንድ እግሯን መሬት ላይ ተከለች። ጠበቅን። እኔ ከኋላ የዕቃ መጫኛው ላይ፣ ደራርበን ባጠፍነው ፎጣ ላይ ተቀምጬ ወገቧን ይዣለሁ። ከልብሷ የሳሙናና የመታሻ ቅባት ሽታ ይመጣል። መታጠፊያው ከፊታችን ባዶውን ተዘርግቷል፤ እሷ ግን አልተንቀሳቀሰችም።

«አላለፈም?»

«አላለፈም።»

አንድ ሽማግሌ ጋሪ እየገፉ መጡ፤ አዩን፤ አለፉን፤ ማዶ ከደረሱ በኋላ ዞር ብለው እንደገና አዩን።

«ምን ዓይነት መኪና ነው ይሄን ያህል የሚንቀረፈፈው?»

«ሰማያዊ ነው» አልኳት። «አያልፍም እኮ። ቆሟል። ሾፌርም የለውም።»

ሳቋ በጀርባዋ በኩል መጥቶ ደረቴን ነዘረኝ። «የሚመጣ መኪና እኮ ነው የጠየቅኩሽ፣ አንቺ ልጅ! የቆመውንማ ምን አደርገዋለሁ!» አለችና ፔዳሉን ረገጠች።

እኔ አልሳቅኩም። ያ ሰማያዊ መኪና ግማሽ መንገድ ይዞ ነበር የቆመው። መታጠፊያው ጋ ከመድረሳችን በፊት በአጠገቡ ነው ያለፍነው፤ መስተዋቱ ክርናችንን ሊነካው ምንም አልቀረውም ነበር። አይታው ቢሆን ኖሮ «እሱማ የቆመ ነው» ትለኝ አልነበር? ቤት እስክንደርስ ይሄን ሳሰላስል ሄድኩ። ስምንት ዓመቴ ነበር፤ አንድ ነገር ከያዘኝ የማይለቀኝ፣ የያዘኝንም ነገር ለሰው የማልናገር ልጅ ነበርኩ። አክስቴ «አይጢት» ያለችኝ ለዚሁ ነው፤ ጥግ ጥጉን እሄዳለሁ፣ ድምፄ አይሰማም፣ ጆሮዬ ግን ሁሉ ቦታ ነው።

እናቴ አዋላጅ ነርስ ናት። ያኔ ጤና ጣቢያው ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ትሠራ ነበር፤ ከዚያ በተረፈ የወለዱ እናቶችን በየቤታቸው እየዞረች ታያለች፤ የምትዞረውም በብስክሌት ነው። የዚያን ዓመት ዝናብ ሲገባ፣ ከሥራ ስትመለስ ጭቃ አንሸራቷት ወደቀችና ቀኝ እጇ ከአንጓው ላይ ተሰበረ። ጀሶ ታሰረላት። ጀሶው ሲወልቅ ከውስጡ የወጣው እጅ የእሷ አልመስል አለኝ፤ ቀጥኗል፣ ገርጥቷል፣ ከከባድ እንቅልፍ የተቀሰቀሰ ሰው ይመስላል። «አጥንቱ ገጥሟል» ተባለ። ቤቱ ሁሉ እፎይ አለ። እኔም እፎይ አልኩ። ከአጥንት ሌላ የሚጎዳ ነገር መኖሩን አላውቅም ነበር።

ብስክሌቱን ለጠጋኙ ወሰድንለት። ሰውየው የሚያወራው ብሎን በጥርሱ ነክሶ ነው።

«ሲስተር፣ ሁለቱንም ፍሬን ወደ ግራ አዙሬልዎታለሁ» አላት። «በግራዎ ሲጨብጡት የፊቱም የኋላውም ይይዛል። ቀኝ እጅዎ ለጊዜው እንግዳ ነው፤ ቁጭ ብሎ ይጋበዝ።»

የቀኙን መያዣ በወፍራም ስፖንጅ ጠቀለለው። ከዚያ እኔን ከላይ እስከ ታች አየና «ይቺንስ? ይቺንም በብሎን ልምታት?» አለ። ከእናቴ ጀርባ ሄጄ ተደበቅኩ።

ሐኪሙ፣ እጇ እንዲጠነክር ሜዳ ሜዳውን መንዳት እንደምትችል ነግሯት ነበር። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለነበር እኔም አብሬያት እወጣ ጀመር። አክስቴ ነገሩን አልወደደችውም።

«ታክሲ ጠፍቶ ነው?»

«ሥራ ስመለስ በታክሲ ነው እንዴ የምዞረው?»

«እሺ አንቺስ ዙሪ። ልጅቷን ምን አድርጊ ትያታለሽ?»

«እሷማ ረዳቴ ናት። ሾፌር እኔ፣ ረዳት እሷ።»

ረዳትነቴ ሁለት ሥራ ነበረው፤ መታጠፊያ ስንደርስ ወደ ኋላ ዞሮ ማየትና ወደምንታጠፍበት ወገን እጅ መዘርጋት። ዛሬ እኔም ብስክሌት ስለምነዳ ነገሩ ይገባኛል። እየነዳ ወደ ኋላ የሚዞር ሰው ለአፍታ ክብደቱን አንድ እጁ ላይ ይጥላል፤ አንዱን እጅ ለመዘርጋትም ሌላውን ማመን አለበት። እናቴ ቀኝ እጇን አታምነውም ነበር፤ ግራዋ ደግሞ ፍሬኑን ይዟል። ያኔ ግን የገባኝ፣ መኪና መኖር አለመኖሩን እኔን መጠየቋ ብቻ ነው። ዓይን ያለው ሰው ይሄን ለምን ሰው ይጠይቃል?

ከሰማያዊው መኪና በኋላ ሌላው ነገር ሁሉ ተራ በተራ እየመጣ ቦታ ቦታውን ያዘ።

አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት። ቤታችን የፊት ክፍል ውስጥ የስፌት መኪናዋን ተክላ የሰፈሩን ቀሚስ ስታጠብብና ስታሰፋ ትውላለች። ከቁርጥራጭ ጨርቅ አንድ ከረጢት ሰፍታ ለእናቴ ሰጠቻት። በውስጡ ያለው አዝራር፣ ቁልፍ፣ ላጲስ፣ የባቄላ ፍሬ፣ ጠጠር፣ ክር ያለቀበት ማጠንጠኛ፣ ይሄን የመሳሰለ ኮተት ነው። ከምሳ በኋላ እናቴ ጠረጴዛው አጠገብ ቁጭ ትልና ዓይኗን ጨፍና ቀኝ እጇን ትከትበታለች። ጣቶቿ ከጨርቁ ሥር ወዲያ ወዲህ ሲሉ ይታየኛል። ራሷን ወደ ጎን ዘንበል ታደርጋለች፤ ከሩቅ የሚጠራትን ሰው የምታዳምጥ ትመስላለች።

«ቁልፍ!» ትላለች።

ታወጣዋለች። አዝራር ነው።

«አዝራር ነው» እላታለሁ።

«አውቄዋለሁ» ትላለች። አላወቀችውም።

ከብዙ ማየት የተነሳ ስትገምት አውቅባት ጀመር። ያላወቀችው ነገር ሲሆን የታች ከንፈሯን ትነክስና፣ ትንሽ ትቆይና፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ በድፍረት ትናገራለች። ስታውቅ ግን ለራሷ የምትነግረው ይመስል ቀስ ብላ ነው። በድፍረት የምትናገርባቸው ቀናት በዝተው ነበር። አንድ ቀን አንጀቴን በላችውና፣ እንዲቀላት ብዬ ሳታየኝ ጭልፋ አስገባሁላት።

«ማነው ጭልፋ እዚህ ውስጥ የከተተው?»

«ድስቱንም ጨምሩላት!» አለች አክስቴ ከፊት ክፍል።

ዛሬ የዚያን ልምምድ ምክንያት አውቃለሁ። በእጅ አንጓ በኩል የሚያልፈው ነርቭ ሲጎዳ ጣት ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፣ ይጨብጣል፣ የነካው ነገር ምን እንደሆነ ግን አያውቅም። መልሶ መማር አለበት፤ ዓይን እንዳያግዘው ደግሞ ዓይን መጨፈን አለበት። ለሌላ ሰው ይሄ የጊዜ ጉዳይ ነው። ለአዋላጅ ግን ጣት ማለት ሥራው ራሱ ነው። ያኔ ይሄን ሁሉ ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም፤ መልሱን ራሴ አገኘሁት። የእናቴ ዓይን እየጠፋ ነው። ጠፍቶ ሲያልቅ ዕቃውን ሁሉ በዳበሳ መለየት ይኖርባታል፤ ለዚያ ነው የምትለማመደው።

አንድ ጠዋት ምድጃው አጠገብ ቆማ ከአክስቴ ጋር ስታወራ የድስቱን ጆሮ በቀኝ እጇ ያዘችው። ያዘችውና ወሬዋን ቀጠለች። እኔ ነኝ መጀመሪያ የጮህኩት። «እማዬ እጅሽ!» እጇን አነሳችና የሰው እጅ ይመስል ቆማ ታየው ጀመር። ሁለት ጣቶቿ ውሃ ቋጥረው ነበር። አክስቴ ቀዝቃዛ ውሃ እያፈሰሰችባት «ኧረ ተይ! ኧረ ተይ!» ትላለች፤ እናቴ ግን አላመማትም፤ ፊቷ ላይ የነበረው ሕመም አይመስልም ነበር። ድስቱን አላየችውም፣ አልኩ በልቤ።

ሌላ ጊዜ ፀጉሬን ስታጥበኝ አረፋው ላይ እጇ ቀጥ አለ። ቀና ብዬ ሳያት ዓይኗን ጨፍናለች። በጣቶቿ ጫፍ ከግንባሬ በላይ ጀምራ፣ መሐል አናቴን ይዛ፣ ቀስ እያለች ወደ ማጅራቴ ወረደች፤ ከዚያ እንደገና ከፊት ጀመረች። መልኬን እያጠናችው ነው ብዬ አሰብኩ። ማየት ሲያቅታት እኔን ከሌላ ልጅ የምትለየው በዚህ ነው። ሳሙናው ዓይኔን እያቃጠለኝ፣ በደንብ እንድታጠናኝ ብዬ ትንፋሼን ውጬ ቀጥ አልኩላት።

የሚወለድ ሕፃን ፊቱ ወዴት እንደዞረ አዋላጅ የምታውቀው፣ የራስ ቅሉን መገጣጠሚያ በጣቷ ጫፍ ፈልጋ ነው። እናቴ የእኔ ራስ ላይ ያን ስፌት ትፈልግ ነበር። የእኔ ከተዘጋ ቆይቷል። የቱን ያህል ብትፈልግ የምታገኘው አልነበረም፤ እሷም ይሄን ከማንም በላይ ታውቃለች፤ ግን ትፈልግ ነበር።

ነገሬን የሚያፈርስብኝ አንድ ጉዳይ ብቻ ነበር። ከምግብ በፊት ብስኩት ሰርቄ ከጀርባዬ ስደብቅ እናቴ ክፍሉን ተሻግራ ታየኛለች። ይሄን ብዙ አሰብኩበት። በመጨረሻ፣ ብስኩትን እናቶች ያለ ዓይንም እንደሚያዩት ወሰንኩ።

አባቴ የከባድ መኪና ሾፌር ስለነበር ያን ሰሞን ሩቅ ነበር። አልፎ አልፎ በአክስቴ ስልክ ይደውላል።

«እናትሽን እየጠበቅሽልኝ ነው?» አለኝ አንዴ።

አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አክስቴ ግን ስልኳን ለመቀበል እጇን ዘርግታ አጠገቤ ቆማለች። «እየጠበቅኳት ነው» አልኩና ሰጠኋት።

የተጠራጠርኩትን ያጸናልኝ ግን ከጠረጴዛ ሥር የሰማሁት ወሬ ነው። ከአክስቴ የልብስ ስፌት ጠረጴዛ ሥር፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ መሐል መቀመጥ እወድ ነበር። መኪናው ሲሠራ እንጨቱ ሁሉ ይንቀጠቀጣል፤ የዘይቱ ሽታ ይመጣል። ያን ከሰዓት መኪናው ድንገት ዝም አለ።

«ንገሪያት» አለች አክስቴ።

«ማንን?»

«ትልቋን ሲስተር ነዋ! እስከ መቼ ትደብቂያታለሽ?»

ትልቋ ሲስተር የማዋለጃ ክፍሉ ኃላፊ ናቸው፤ እናቴን ሥራ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። እናቴ ስለ እሳቸው ስታወራ፣ በሌሉበትም ቢሆን፣ ቀና ብላ ትቀመጣለች።

«ከነገርኳቸውማ አበቃ» አለች። «በሩንም አያስረግጡኝም። ክትባት ክፍል አስቀምጠው ያስረጁኛል።»

«አንቺ በእሳቸው ቦታ ብትሆኚስ? ታስገቢያት ነበር?»

የእናቴ እግር ብቻ ነበር የሚታየኝ፤ አንዱ ጫማዋ የሌላውን ተረከዝ እየረገጠ ነው።

«ይመለሳል ብለውሻል አይደል እንዴ?»

«ሊመለስ ይችላል ነው ያሉኝ። ይመለሳልና ሊመለስ ይችላል አንድ ነው?» ድምፅዋ ቀነሰ። «ስነካው ጨለማ ውስጥ የምዳብስ ነው የሚመስለኝ፣ እቴ። የሰው ሆድ ላይ እጄን ጭኜ ጨለማ።»

መኪናው እንደገና መጮህ ጀመረ። እኔ ጉልበቴን አቅፌ ቁጭ አልኩ። ጨለማ ብላለች። በራሷ አፍ።

ከዚያ ወዲያ ብስክሌቱ ላይ የምወጣው ቆሌዬ እየተገፈፈ ነው። አልወጣም እንዳልል፣ እኔ ከሌለሁ ማን ያይላታል? ስለዚህ መታጠፊያ ላይ ብቻ ማየቱን ትቼ መንገዱን በሙሉ አነብላት ጀመር።

«ጉድጓድ አለ!»

«አየሁት።»

«ውሻ አለ! ሊሻገር ነው!»

«አይቼዋለሁ፣ የኔ እናት።»

«ሴትዮ አለች! ዣንጥላ ይዛለች! በግራ በኩል!»

«ዛሬ ምን ሆነሻል አንቺ? ማን አፍሽን ፈታው?»

እያባበለችኝ ነው አልኩ። እንዳልፈራ ብላ ነው የምታይ የምታስመስለው። ወገቧን ይበልጥ አጥብቄ ያዝኩ። ማታ ተኝቼም እግሬ ፔዳል ሲፈልግ ያድር ነበር፤ ፍሬኑ ግን የሚገኘው እኔ በማልደርስበት ቦታ ነው።

ከዕለታት አንድ ቀን ትልቋ ሲስተር ጠሯት። ሰው አጥሯቸዋል፤ እጇ ከዳነ ሊያዩት ይፈልጋሉ። እናቴ ነጭ ጋወኗን ራሷ ተኮሰችው። በግራ እጇ ስለተኮሰችው አንገትጌው ትንሽ ተጣሞ ነበር። አክስቴ አየችውና አስተካከለችላት።

ጤና ጣቢያው የሚገኘው ከቁልቁለቱ ግርጌ ነው። ቁልቁለቱን ስንወርድ ፍሬኑ ሲያፏጭ፣ የእናቴ ግራ ክንድ ሲገተር፣ ቀኝ እጇ ስፖንጁ ላይ እንደ ዕቃ ተጋድሞ ሲንቀጠቀጥ በጎን በኩል ይታየኛል።

«ከኋላ መኪና አለ?»

«አለ! የሚመጣ ነው! ትልቅ!»

ቆምን። የጭነት መኪና ነበር። ነፋሱ ቀሚሴን ገልቦ፣ ጭሱን አልብሶን አለፈ። እናቴ እስኪርቅ ጠበቀች። ከዚያ ሳትዞር፣ ግራ እጇን ወደ ኋላ ልካ ጉልበቴን መታ መታ አደረገችኝ። «ጎበዝ» አለች። መዳፏ በላብ ርሶ ነበር።

ኮሪደሩ የጽዳት መድኃኒት ይሸታል። አግዳሚው ላይ እርጉዞች ወገባቸውን ይዘው ተደርድረዋል። ትልቋ ሲስተር ከወዲያ ጫፍ ሲመጡ ከእሳቸው በፊት የጫማቸው ድምፅ ነው የደረሰው። ወፈር ያሉ ናቸው፤ መነጽራቸው በገመድ ታስሮ ደረታቸው ላይ ይወዛወዛል።

«መጣሽልኝ? ተመስገን! ሰው እኮ ጨረሰኝ!» የእናቴን እጅ ያዙና ገለበጡት፣ አገላበጡት። «እስቲ ጨብጪኝ።»

እናቴ ጨበጠቻቸው።

«ውይ! ይሄማ ወንድ ያስለቅሳል! ይቺ ናት ረዳትሽ የሚሏት? ግቢ፣ ግቢ፤ ጥግ ይዘሽ ቁጭ በይ።»

ከመጋረጃው ወዲህ ያለች አንዲት በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። መጋረጃው እስከ ጫፍ አልተሳበም ነበር። በክፍተቱ አልጋውና አልጋው ላይ የተጋደመች ሴት ይታዩኛል፤ ሆዷ እንደ ኮረብታ ከፍ ብሏል።

«እስቲ ይቺን ልጅ አንዴ ዳሰስ አድርጊልኝ» አሉ ትልቋ ሲስተር፣ አንድ ወረቀት ላይ እየጻፉ። «ጭንቅላቱ የት ነው ያለው?»

ለወግ ያህል እንደጠየቋት ዛሬ አውቃለሁ። ወረቀታቸው ላይ ነበሩ እንጂ እሷን እንኳ አያዩዋትም።

እናቴ መዳፎቿን አፋተገች፤ ሴትየዋን እንዳይቀዘቅዛት ነው። ሁለት እጆቿን ከሆዷ በታች በኩል አኖረች። ዓይኗን ጨፈነች። ራሷን ወደ ጎን ዘንበል አደረገች። ክፍሉ ውስጥ የብዕሩ ጭረት ብቻ ይሰማል። እናቴ የታች ከንፈሯን ነከሰች።

ትንሽ ቆየች።

«ወደ ታች ነው!» አለች፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ በድፍረት።

«ጎሽ» አሉ ትልቋ ሲስተር፣ ቀና ሳይሉ። «በቃ ሰኞ ትገቢያለሽ።»

ሁሉ ነገር በአንዴ መጣብኝ። ሰኞ እኔን አታመጣኝም። ቁልቁለቱን ብቻዋን ትወርዳለች፤ ጉድጓዱንም፣ ውሻውንም፣ ሰማያዊውን መኪናም የሚነግራት የለም። እዚህ ገብታ ደግሞ መቀስ አለ፣ ሕፃን አለ። ተነሳሁ። በርጩማዋ ወደቀች። እኔ፣ ሱቅ ልከውኝ የምፈልገውን መናገር አፍሬ ባዶ እጄን የምመለሰው ልጅ፣ መጋረጃውን ገለጥኩት።

«አይታያትም!» አልኩ። «እማዬ አይታያትም። እየገመተች ነው!»

ሴትየዋ በክርኗ ተደግፋ ቀና አለች። «ምንድን ነው የምትለው ልጅቷ?»

ትልቋ ሲስተር ወረቀታቸውን አስቀመጡ፤ መጡ፤ እናቴን በትከሻቸው ገፋ አድርገው እጃቸውን ሆዱ ላይ አሳረፉ። ብዙም አልቆዩ።

«ወደ ታች ነው እንጂ! ይኸውልሽ፣ እናትሽ ልክ ናት» አሉኝ። «ዓይኗም ቢሆን ከእኔ ይሻላል፤ መነጽር ያንጠለጠልኩት እኔ ነኝ።» ሳቁ። የተኛችውም ሴት ሳቀች፤ ሆዷ አብሮ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ሁለቱም እናቴን አዩ፤ እንድትስቅ ይጠብቃሉ።

«ልጅ ናት» ማለት በቂ ነበር። አንድ ቃል፣ ትንሽ ሳቅ፣ ከዚያ ሰኞ። አሁን ሳስበው ቃሉ አፏ ድረስ መጥቶ ሲመለስ ያየሁት ይመስለኛል። ያኔ ግን ያየሁት እኔን ማየቷን ነው፤ ቀጥ ብላ፣ ዓይን ለዓይን።

እጇን ጋወኗ ላይ ጠረገች።

«ዓይኔ ደህና ነው» አለች። «እየገመትኩ መሆኔ ግን እውነት ነው።»

«ምን?»

«በዚህ የእርግዝና ወር አብዛኛው ሕፃን ወደ ታች ነው። ማንም ቢገምት ያገኘዋል። በግራዬ ትንሽ አገኘሁ፤ በቀኜ ምንም። አውራ ጣቴ፣ ሌባ ጣቴ፣ የመሐል ጣቴ አይሰማኝም። ጀሶው ከወለቀ ጀምሮ።»

ሳቁ ከክፍሉ ወጣ። ትልቋ ሲስተር መነጽራቸውን ከደረታቸው አንስተው አደረጉት።

«ዓይንሽን ጨፍኚ» አሏት። እጇን ተቀብለው በብዕሩ ክዳን የጣቶቿን ጫፍ ይነኩ ጀመር። «የቱን ነው የነካሁት?»

እናቴ ራሷን ወደ ጎን ዘንበል አደረገች።

«አሁንስ?»

«አላውቅም» አለች። ቀስ ብላ ነበር የተናገረችው።

ብዕሩን ኪሳቸው ከተቱ። እጇን ግን አልለቀቁትም።

«ታታልይኝ ነበር ማለት ነው?»

«አዎ።»

«እኔን?»

«እርስዎን።»

«ይቺንም?» አሉ፣ በአገጫቸው ወደ አልጋው እያመለከቱ።

እናቴ የሴትየዋን ቀሚስ ሆዷ ላይ መልሳ ሸፈነችላት።

«እኔስ?» አለች ሴትየዋ ከአልጋው ላይ፤ «ልነሳ? ወይስ ገና ነው?»

«ገና ነው፤ ተኚ» አሉ ትልቋ ሲስተር። ከዚያ ወደ እናቴ ዞረው፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ «ማዋለጃ ክፍል አትገቢም» አሉ። «ጣትሽ እስኪመለስ ክትባት ነሽ። ሰኞ በሰዓቱ እንድትገቢ። ካልተመለሰም…» አልጨረሱትም። እጇን ቀስ ብለው አልጋው ጫፍ ላይ አኖሩላት። እኔን ዞር ብለው አዩኝና ወደ ቀጣዩ አልጋ ሄዱ።

ጣቷ ተመለሰ፤ ሁሉም ግን አይደለም። መጀመሪያ አውራ ጣቷ፣ ከዚያ ብዙ ቆይቶ ሌባ ጣቷ ነቃ፤ የመሐል ጣቷ እስከ ዛሬ እንደተኛ ነው። ማዋለጃ ክፍልም ተመልሳ ገባች፤ ግን ጡረታ እስክትወጣ ድረስ አጠገቧ ያለችውን አዋላጅ «አንቺም ዳሰስ አድርጊው» ሳትል አንድም ሆድ አላለፈችም። ወጣቶቹ ትሕትና ይመስላቸው ነበር አሉ።

የዚያን ዕለት ግን ይሄን ሁሉ የሚያውቅ አልነበረም። ወጥተን ብስክሌቱ ጋ ደረስን። ተቆጥታለች ብዬ የጫማዬን ጫፍ እያየሁ ቆምኩ። እሷ ግን ፊት ለፊቴ ቁጢጥ አለች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው አይታያትም ያልሽው?»

«ከሰማያዊው መኪና።»

«የቱ ሰማያዊ መኪና?»

ነገርኳት። መኪናውን፣ ከረጢቱን፣ ድስቱን፣ ከጠረጴዛው ሥር የሰማሁትን ጨለማ፣ ፀጉሬን ስታጥበኝ ያጠናችኝን። ፀጉሬ ጋ ስደርስ ፊቷን በግራ እጇ ሸፈነች። ትከሻዋ ተነቃነቀ፤ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አላወቅኩም፤ እስካሁንም አላወቅኩም።

«ይሄን ሁሉ ቀን» አለች ከእጇ ሥር፤ «ዕውር ነው የሚነዳኝ ብለሽ ነው ከኋላዬ የምትወጪው?»

ራሴን ነቀነቅኩ።

ፊቷን በጋወኗ እጅጌ ጠርጋ ተነሳች። «ዓይኔ ያያል» አለችኝ።

ላምናት ፈለግኩ፤ አልቻልኩም። ሰው ለማባበል ብሎ ብዙ ነገር ይላል። «እዚያ ማዶ ምን ይላል?» አልኳት።

ዞር ብላ አየች። «መድኃኒት ቤት።»

«ከሥሩስ?»

«በሳምንት ሰባቱንም ቀን ክፍት ነን። ውሸታቸውን ነው።»

ፎጣዬ ላይ አስቀመጠችኝና ተነሳን። ቁልቁለቱ አሁን ዳገት ሆኗል፤ ፔዳሉን በረገጠች ቁጥር ትንፋሿ ይቆራረጣል። እኔ ሳልጠይቃት ታነብልኝ ጀመር። «ጎማ ይጠገናል። የሚከራይ ክፍል አለ። የሴቶች ፀጉር ቤት… እዚህ መሽናት ክልክል ነው።» ሁሉንም እኔም ከኋላ ሆኜ አነባለሁ፤ ሁሉም ልክ ነበር። የቤታችን መታጠፊያ አጠገብ ስንደርስ ፍጥነቷን ቀነሰች። «ሰማያዊ መኪና» አለች። «የቆመ። ሾፌር የለውም።»

በአጠገቡ አለፍነው።

«ከኋላ መኪና አለ?» አለችኝ።

ዞር ብዬ አየሁ። «የሚመጣ የለም» አልኳት።

ቀኝ እጄን ዘረጋሁ፤ ታጠፍን።